የጥርባው ድንጋይና መልስ የማይሻው ጥያቄ

በዚህ አገር ሰው ጥያቄ የሚጠይቀው መልስ ፈልጎ ነው ብሎ የሚያምን ካለ፣ ወይ እንግሊዝ ነው ወይ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። እንግሊዙን አላውቀውም። መምህሩ ግን እኔ ነኝ!

እስቲ ፍረዱኝ። በቀደም እንጅባራ መናኸሪያው ፊት ለፊት አስፋልት ስሻገር አንድ ባለባጃጅ ጉልበቴ ሥር ፍሬን ያዘና አንገቱን አስግጎ፣ «መንገዱ የአባትህ ነው?» አለኝ። ቆምሁ። አሰብሁ። «አይደለም፤ አባቴ ገበሬ ነበር» አልሁት። ባለባጃጁ ትክ ብሎ አየኝና ሳይሳደብ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አስተያየቱ «እግዜር ይማርህ» የሚል ነበር።

ሌላ ልጨምርላችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ላስፈጽም ሄጄ ጸሐፊዋ፣ «ምነው ወንድሜ፣ ነገ አይነጋም?» ብትለኝ፣ «ይነጋል እንጂ!» ብዬ ወንበር ስቤ ፊቷ ተቀምጫለሁ። የተናገረችው «ሂድልኝ» እንደሆነ የገባኝ ጥበቃው መጥቶ ክንዴን ሲይዘኝ ነው።

ምን ላድርግ? የሙያ በሽታ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ «ጥያቄውን በትክክል መልሱ» ስል ኖሬ ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር ያሳክከኛል። የሚገርመው ደግሞ ይህንኑ ጉድ የማስተምረው እኔው ነኝ! «ሪቶሪካል ኩዌስችን» ይባላል። ሰሌዳው ላይ በትልቁ እጽፍና፣ «መልስ ተፈልጎ ያልተጠየቀ ጥያቄ ማለት ነው» እላለሁ። ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ይወጣል።

«ቲቸር፣ መልስ ካልተፈለገ ለምን ተጠየቀ?»

«ነገሩን ለማጥበቅ።»

«ታዲያ ለምን ዝም ብለው አያጠብቁትም?»

«አንተ ልጅ፣ መጻፍ አትችልም?»

«እችላለሁ ቲቸር!»

አያችሁ? ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ወደፊት እንደ እኔ ይሆናል።

ሁለተኛው በሽታዬ «ሁ» ይባላል። «ሁ፣ ዊች፣ ዛት» እያልሁ አረፍተ ነገር ከአረፍተ ነገር ስቀጥል ነው ፀጉሬ የሸበተው። የእኛ አማርኛ ጨዋ ነው። «የተማረ፣ ሰው የሚያከብር፣ እጁ የማያርፍ ልጅ» ብሎ ምግባሩን ሁሉ ያስቀድምና ልጁን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል። ተናጋሪው ልጁ ጋ እስኪደርስ የማሰቢያ ጊዜ አለው፤ ነገሩ ካላማረው በመንገዱ ይተወዋል። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን አስቀድሞ ፊት ለፊት ያቆመዋል፤ ከዚያ «ሁ» ብሎ አንድ ነገር ይቀጥልበታል፣ ሌላ «ሁ» ብሎ ሌላ ይደርብበታል… ማቆሚያ የለውም! ገበያ በሚሄድ ባጃጅ ላይ የቀርከሃ ወንበር እንደሚጭን ነጋዴ ነው፤ አንድ ከጫነ ሁለተኛው ያምረዋል። እኔም ከእንግሊዝኛ ጋር ስኖር ስኖር አማርኛዬ ሳይቀር እንደዚያ ሆኗል። የሰው ስም አንዴ ከጠራሁ ጅራቱን ሳልቀጥል አላድርም።

እንግዲህ እነዚህ ሁለት በሽታዎች ያሉበት ሰው ለጋብቻ ሽምግልና ይላካል? … ተዉ፣ አትመልሱ! ይኸኛው መልስ አይፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቻላቸው የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ። እናታችን ስታርፍ ገና ልጅ ስለነበር ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ አዝዬው ባላውቅም ገርፌዋለሁ። ዛሬ የእንስሳት ሐኪም ሆኖ አዲስ ቅዳም ከተማ ይሠራል። አንድ እሑድ እንጅባራ እቤቴ መጣና ፊት ለፊቴ ቁጭ አለ።

«ጋሼ፣ አንዲት ልጅ አለች» አለኝ።

«ማን ናት?»

«ስመኝ ትባላለች። አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ጥርባ መንደር የሚኖሩት የአቶ እንዳላማው ልጅ ናት።»

«ትወድሃለች?»

ሳቀ። እናታችን ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ደስ አለኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ደግሞ ልጁን እንደ ራሷ ልጅ ነው የምታየውና እልልታዋን ለቀቀችው።

ስመኝ ደመወዝ ያላት፣ ራሷን የቻለች ሴት ናት። ቢሆንም ነገሩን ቁርጥ አድርጋ ነግራዋለች፤ «አባቴ እሺ ሳይል ከቤቱ አልወጣም፤ ሽማግሌ ላክ።» ስለዚህ ሽማግሌ ተመረጠ። አንደኛው የነፍስ አባታችን ቄስ መንግሥቴ ናቸው። ሁለተኛው የሰፈራችን ጋሽ ውበቱ ናቸው፤ እሳቸው ደጅ ቆመው ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት ቤት የለም ይባላል። ሦስተኛው ሰው ግን በዋዜማው ወገባቸውን ያዛቸውና ቀሩ። ቀኑ ተቆርጧል፤ ሁለት ሽማግሌ ደግሞ አያምርም። ሁሉም ዞሮ ዞሮ እኔን አየ።

ጋሽ ውበቱ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

«ስማ መምህር፤ ያንተ ሥራ መቆም ነው።»

«እሺ።»

«አጎንብሰህ መቆም።»

«እሺ።»

«ለንግግሩ ቄሱ አሉ፣ እኔ አለሁ።»

«እኔን ከጠየቁኝስ?»

«አይጠይቁህም።»

«ቢጠይቁኝስ?»

ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። «የልጅቱ አባት ብዙ ይጠይቃል፤ አንዱም ጥያቄ አይደለም። ልጅ የሚሰጥ አባት በሰው ፊት አያለቅስምና እንባውን በጥያቄ ነው የሚያወጣው። እኛ ዝም ብለን እንሰማዋለን። ሲወጣለት፣ ‹እስቲ ዘመድ ላማክር፣ ተመለሱ› ይለናል። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ገባኝ! ሪቶሪካል ኩዌስችን ማለትዎ ነው።»

«ምንም ይሁን ምን፣ ዝም በል!»

በማግሥቱ ገና በጠዋቱ፣ ያ የእንጅባራ ብርድ ጆሮ ሲቆርጥ፣ ሚኒባስ ይዘን ጥርባ ወረድን። ከአስፋልቱ ወዲያ በጭቃ በእግር ነው። የተዋስሁት ጋቢ አሁንም አሁንም ከትከሻዬ ይንሸራተታል፤ የተዋስሁት ከዘራ ጭቃው ውስጥ እየተሰካ ይቀራል። ቄስ መንግሥቴ መንገዱን ሁሉ ይጸልዩ ነበር። ያን ጊዜ ለጉዳዩ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ለእኔ ነው።

የአቶ እንዳላማው ቤት መምጣታችንን «አልሰማም»። ግቢው ግን ሰምቷል! ደጁ ተጠርጎ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። አንድ በግ ዛፍ ሥር ታስሮ ይጮሃል። አቶ እንዳላማው በሥራ ቀን ነጭ ጋቢ ደርበው፣ «ከብት ልፈታ ስል ደረሳችሁ» ይላሉ። ሦስት አዛውንት ጎረቤቶችም በመደዳ ተቀምጠዋል፤ እንዲያው ሲያልፉ ጎራ ብለው ነው አሉ፣ በዚያ ጠዋት!

«ግቡ እንጅ፣ ምን ያቆማችኋል?» አሉ አቶ እንዳላማው።

«ጉዳያችንን ሳንናገር…» ብዬ ልጀምር ስል የጋሽ ውበቱ ከዘራ እግሬ ጣት ላይ አረፈ። ዝም በል ማለት ነው። ዝም አልሁ። ቄስ መንግሥቴ ጀመሩ። እንዴት ያለ ንግግር መሰላችሁ! ከአዳምና ከሔዋን ተነሥተው በአብርሃም ቤት በኩል አድርገው ጥርባ አደረሱን። ዝምድና ፈልገን እንደመጣን፣ የተማረ፣ ታላቁን የሚያከብር፣ ከክፉ ባልንጀራ ያልገጠመ ልጅ እንዳለን ተናገሩ። አዛውንቶቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። በጉም ዝም አለ።

አቶ እንዳላማው ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው ተራቸውን ተቀበሉ።

«እኔ ልጀን ደክሜ አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ ለማንም ልስጥ? ለመሆኑ ማን ነው ይኸ ልጅ? ማን ያውቀዋል?»

ቄሱ መሬት አዩ። ጋሽ ውበቱ በረጅሙ ተነፈሱ። የሽምግልና ጌጡ ይኸ ዝምታ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ያከብረዋል። ለእኔ ግን «ማን ያውቀዋል?» ተብሎ ተጠይቆ አንድም እጅ ያልወጣበት ክፍል ሆነብኝ። አሳከከኝ። ዋጥ አደረግሁት፤ አልዋጥ አለ።

«እኔ አውቀዋለሁ!» አልሁ።

ከዘራው ሲነሳ አየሁት፤ ግን ዘግይቷል።

«ወንድሜ ነው! ቻላቸው ይባላል… ያ የእንስሳት ሐኪም የሆነው…»

እስከዚህ ደህና ነበር። እንዲያውም አንዱ ሽማግሌ «አሃ» ብለው ነበር። እዚህ ላይ አራት ነጥብ ማድረግ! ግን «ሁ» መች ይለቃል?

«…ያ አዲስ ቅዳም የሚሠራው… ያ አምና ክረምት እዚህ ድረስ መጥቶ የነበረው… ያ የእርስዎን ዳማ ፈረስ ያከመው…»

ቄሱ መስቀላቸውን ጨበጡ።

«የትኛውን ዳማ?» አሉ አቶ እንዳላማው በቀስታ።

ይኸኛው እውነተኛ ጥያቄ ነበር። መልስ ይፈልግ ነበር። እኔም መለስሁ።

«ያን የሞተውን።»

ወገኖቼ፣ ያ ዳማ ፈረስ የአቶ እንዳላማው የዓይናቸው ብሌን ነበር። እሳቸው ዳንግላ ለቅሶ ሄደው ሳሉ ሆዱን ተነፋ፤ ወንድሜ ተጠርቶ መጣ፤ ፈረሱ ግን አርጅቶ ስለነበር እጁ ላይ ሞተ። ሐኪሙ ማን እንደነበር ቤተሰቡ በአንድ ቃል ደብቋቸዋል፤ እሳቸው «ያን ሐኪም ባገኘው» እያሉ ሲዝቱ ከርመዋልና። ይህን ሁሉ ጋሽ ውበቱም ቄሱም ያውቃሉ። እኔም አውቅ ነበር! ማወቅ ምን ዋጋ አለው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ጥፋቴን ላርም ብዬ ባሰብኝ። «ፈረሱ ቢሞትም ነገሩ ለበጎ ሆነ፤ ልጓሙን ይዛ ስታለቅስ የነበረችው ስመኝ ናት፤ የተዋወቁትም ያኔ ነው» አልሁ። በወጉ መሠረት እኮ ስመኝ ቻላቸውን በዓይኗ አይታው አታውቅም!

አቶ እንዳላማው ቆሙ። «እኔ ልጀን እንዲህ ላለ ሰው የምሰጥ ምን ቸግሮኝ? ዕድሜዋ አልፎባት ነው?»

እዚህ ላይ የልጅቱን ክብር መጠበቅ የእኔ ኃላፊነት መሰለኝ።

«ኧረ በጭራሽ! ሃያ ስምንት ምን አላት?»

ከጓዳ በኩል አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ለካስ በእነ አቶ እንዳላማው ሰፈር የስመኝ ዕድሜ ሃያ አራት ላይ ከቆመ ሰነባብቷል! ሦስቱ አዛውንቶች በአገሩ ቋንቋ፣ በአውንግኛ፣ አንድ ነገር ተባባሉ። አውንግኛ አልሰማም፤ የዚያን ዕለቱን ግን ሳይተረጎምልኝ ገባኝ።

የመጀመሪያ ቀን ሽማግሌ «ተመለሱ» ተብሎ ነው የሚሸኘው። እኛ «እንዳትመለሱ» ተባልን። የሸኘን ደግሞ ውሻ ነው፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ።

ጋሽ ውበቱ መንገዱን ሁሉ አልተናገሩኝም። ሚኒባስ ውስጥ ከገባን በኋላ ብቻ፣ ለራሳቸው ነው፣ «ያ በግ ለእኛ ነበር» አሉ።

ቻላቸው እንጅባራ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። አዲስ ጃኬት ለብሷል። የሦስታችንንም ፊት አየና፣ «እንዴት ሆነ?» አለ። ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ፤ ጋሽ ውበቱም ወደ እኔ ዞሩ። ዕድሜዬን ሁሉ ጥያቄ ስመልስ የኖርሁት ሰውዬ ያን ጊዜ አፌ ተያዘ። ጋሽ ውበቱ ናቸው ወደ ጥግ ወስደው የነገሩት።

ተመልሶ መጣ። አልጮኸብኝም። ቢጮህ ምን ነበረበት!

«ጋሼ፣ ምን አደረግሁህ?» አለኝ።

ምንም አላደረገኝም። ጃኬቱን አውልቆ በክንዱ ያዘና ምሳ ሳይበላ ወደ አዲስ ቅዳም ተሳፈረ። ማታውን ስመኝ በስልክ መልእክት ላከችለት፤ «አባቴ ካልታረቀ አልመጣም፤ እኔንም አትጠብቀኝ» ይላል። ቻላቸው ከዚያ ወዲያ ስልኬን ማንሳት ተወ። ጥሩወርቅ ደግሞ «ኔትወርክ የለም» የሚባለውን ነገር ቤታችን ውስጥ ጀመረችው፤ ብጣራም አትሰማም። አፈርሁ። ከልቤ አፈርሁ። ክፍል ገብቼ «ሁ» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ከጻፍሁ በኋላ መልሼ አጠፋሁት።

እግዜር ይስጣቸው፣ ጋሽ ውበቱ ብቻቸውን ጥርባ ተመላልሰው በስንት ልመና አንድ ቃል ይዘው መጡ።

«ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ ብለዋል።»

ታውቁታላችሁ፤ ያጠፋ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ የበደለው ሰው ደጅ ያጎነብሳል፤ ተበዳዩ «አውርዱለት» ካለ ይቅር ተብሏል ማለት ነው። እኔም ለአንድ መምህር ትከሻ የሚሆን ልከኛ ድንጋይ ከጓሮዬ መርጬ ነበር። ቻላቸው ግን እርቁን ሰምቶ መጥቶ ኖሮ፣ ጥርባ እንደደረስን ድንጋዬን አየና ወርውሮ፣ ከመንገድ ዳር ሌላ ራሱ አንሥቶ ማጅራቴ ላይ ጫነልኝ። ወንድሜ አይደል? አዳልቶ ትልቁን መረጠልኝ። እሱ እዚያው አስፋልቱ ዳር ቀረ፤ እኛ ገባን።

ለራሴ ማልሁ። ዛሬ ምንም ቢጠይቁኝ፣ ሰማይ ቢወድቅ፣ አልመልስም! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

በዚህኛው ቀን ጎረቤቶቹ ሦስት አልነበሩም። መንደሩ ነበር። «የሚመልሰው መምህር ዛሬ ይመጣል» ተብሎ ተወርቷል መሰለኝ፣ አጥሩ ላይ ሳይቀር ሰው ነበር። አቶ እንዳላማው ደጃቸው ላይ ቆመው ጎንበስ ያልሁበትን ማጅራቴን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አሁን አንተ ነህ የሰው ልጅ የምታስተምር?» አሉ።

ዝም።

«ሰው እንዲህ ይናገራል?»

ዝም።

«ምላስህ አጥንት የለውም?»

የማንም ምላስ አጥንት የለውም! ይህን ለመዋጥ የከፈልሁትን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው። ዋጥሁት። ላቤ አፍንጫዬ ላይ ደረሰ። ቄስ መንግሥቴ በሹክሹክታ «ጎሽ» ሲሉኝ ሰማሁ።

ከዚያ የአቶ እንዳላማው ድምፅ ለሰስ አለ። አንድ የሰፈር አዛውንት በአውንግኛ አንድ ነገር ጣል አደረጉ፤ ሰው ሳቀ። አቶ እንዳላማው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ሲሆን፣ ለቅልቅሉ ወገኔ በሙሉ በፈረስ እንጅባራ ይመጣል። ፈረሶቹን ግቢህ ታሳድርልኛለህ?»

የጋሽ ውበቱ ከዘራ እግሬ ጣት ላይ አረፈ። ዝም በል ማለት እንደሆነ አውቃለሁ! ዝም አልሁ።

«ገብሱንስ ከራስህ ትችላለህ?»

ከዘራው ደገመኝ። አሁን ቁርጭምጭሚቴን ነው። ኧረ ዝም ብያለሁ፣ ሰውዬው ምን ነካቸው? ከንፈሬን ነከስሁ።

«ወይስ በዛብህና ቁጥሩን እንቀንስልህ?»

ከዘራው፣ የቄሱ ሳል፣ ደግሞ ከዘራው። ድንጋዩ አናቴን ደፍቶኛል፤ የሚታየኝ የገዛ ጫማዬ ብቻ ነው። ጸናሁ። እንደ ሰማዕት ጸናሁ!

«ዝም ካለማ ተስማምቷል» አሉ አቶ እንዳላማው። «አንድም ፈረስ አልቀንስም። ይኸውና ሰው ሆነ፤ ደግም ኖሯል። አውርዱለት!»

ድንጋዩ ወረደ። እልልታ ተነሣ። በጉ ታረደ፤ ያው የቀደመው በግ ነው፣ በመሀል ወፍሯል። ጋሽ ውበቱ ግን ሲስቁ አላየኋቸውም። እጅ ልንታጠብ ስንሰለፍ ውኃ የምታስታጥበን ስመኝ ነበረች። ቀልጠፍ ያለች፣ ዓይኗ የሚስቅ ልጅ ናት። እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ምነው ዝም አሉ?» አለችኝ።

«ጥያቄ ስላልነበረ ነዋ!» አልኋት በኩራት።

«አይ ጋሼ… የፈረሱን እኮ የምሩን ነበር የጠየቀዎት።»

ውኃው እጄ ላይ ሲፈስ ቆየ። ቀና ብል አቶ እንዳላማው ከወዲያ ማዶ እያዩኝ ናቸው። በሽማግሌ ፊት ነው፣ ጥርሳቸውን አላሳዩም። ጋቢያቸው ግን ትከሻቸው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለዳማው ፈረሳቸው ካሣ መቀበላቸው ነው! መምህሩ ዛሬ ዲዳ ሆኖ እንደመጣ ገና ከበሩ ሲገባ አውቀውታል፤ አውቀውም የልባቸውን ጠየቁኝ።

አስፋልቱ ዳር ስንመለስ ቻላቸው ቆሞ ነበር። ጋሽ ውበቱ ከሩቅ ከዘራቸውን ወደ ላይ አነሡለት። ሮጦ መጥቶ ከነጭቃዬ አቀፈኝ፤ ድንጋዩ የላጠው ማጅራቴ ላይ ሳመኝ። አመመኝ፤ ዝም አልሁ።

እነሆ ፋሲካ አለፈ። የአቶ እንዳላማው ወገን ደግሞ በአገሩ ፈረስ የሌለው ሰው የለበትም። ትናንት ግቢዬን ስለካው፣ ከቤቱ በቀር ያለው መሬት በሙሉ ለፈረስ ካልሆነ እንደማይበቃ ታወቀ። የጓሮ አጥሬ ፈረሰ። ጥሩወርቅ ክረምት ከበጋ ውኃ እያጠጣች ያሳደገችው የጎመን መደብ ላይ የፈረስ ማሰሪያ ካስማ ተተከለ። የገብሱ ጆንያ ሳሎን ገብቷል፤ እንግዳ ሲመጣ የምናስቀምጠው እሱ ላይ ነው። «ሳይደግስ አይጣላም» ያሉት ለካ እውነታቸውን ነው።

ዛሬ ጠዋት ጥሩወርቅ ከተነቀለው ጎመን መሀል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ቻላቸው ከወዲያ ጥግ ጃኬቱን አውልቆ ካስማ ይመታል፤ አንዱን መትቶ ሌላውን ሲያነሣ ያፏጫል። በዚያ ላይ ብቻውን ይስቃል፣ እስከ ጆሮው ድረስ። እሷ እሱን አላየችም፤ የምታየው እኔን ነው።

«አሁን ደስ አለህ?» አለችኝ።

ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰሌዳ ላይ የምጽፈው፣ ፈተና ላይ የማወጣው፣ ድንጋይ የተሸከምሁለት እሱ ነው። ወንድሜን አየሁት። ጎመኑን አየሁት።

«አዎ» አልኋት፤ «በጣም!»

ምሳዬን ምግብ ቤት በላሁ።